ጉዛራን፣ ጎርጎራንና ፋሲል ግንብን በሦስት ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ጎንደር የገባ እንግዳ ሻንጣውን እንዳስቀመጠ የሚሄደው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። እኔ ግን ግንቡን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት እላለሁ። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥቱ በእንፍራንዝ፣ በጎርጎራና በደንቀዝ ሲዘዋወር፣ ሲፈርስና ሲሠራ ኖሯል። ተማሪ ሳለሁ ግንቡን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ትልቅነቱን እንጂ ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም ነበር። የገባኝ ከፋሲል ግንብ የሚቀድመውን፣ እንፍራንዝ ያለውን የጉዛራን ግንብ ካየሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጣና ውረዱ፣ ከዚያም ነገሥታቱ እንደወጡት ወደ ጎንደር ውጡ።

1. ወሩን ምረጡ

ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉም ይሻላሉ። ዝናቡ አቁሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ማሳው ደግሞ ገና አረንጓዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ። ከጣና በስተ ሰሜን ያለው የደንቢያ መሬት ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ጫማም ጎማም አይለቅም። እኔ አንድ ሐምሌ ደፍሬ ወጥቼ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ባልንበት ቦታ መኪናችን ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን ቆመናል። ያወጡን ገበሬዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ትተው ነው የገፉልን። በጥምቀት ሰሞን መምጣት የምትፈልጉ ደግሞ ማደሪያችሁን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ለጥር 11 ከተማው ይሞላል።

2. ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ

ይህን አትዝለሉት። የመንገዱን ሰላም ማታ አረጋግጡ፣ ጠዋት እንደገና አረጋግጡ። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን፣ ያረፋችሁበትን ሆቴልና የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። ሾፌሮቹ ካመነቱ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጉት፤ የጉዛራ ግንብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል፣ የትም አይሄድም።

ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁ መኪና በኮንትራት ያዙ። ጉዛራና ጎርጎራ በተለያየ መንገድ ላይ ስለሆኑ በሚኒባስ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማዳረስ ያስቸግራል። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ የነዳጁን፣ የሾፌሩን ምግብና አዳርም በግልጽ ተነጋገሩ። ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ብር ያዙ።

3. የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ጉዛራ

ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዛችሁ፣ አዘዞንና ማክሰኝትን አልፋችሁ እንፍራንዝ ትደርሳላችሁ። ጉዛራ ከመንገዱ በላይ ኮረብታ ላይ ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ በእግር ውጡ።

ግንቡ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ተብሎ ይታወቃል። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ክብ ግንብና ጉልላቱን ልብ ብላችሁ እዩ፣ ፎቶም አንሡት፤ በሦስተኛው ቀን ፋሲል ግንብ ፊት ስትቆሙ ያንኑ ቅርጽ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ጣና አዙሩ። ሐይቁና ሜዳው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ሲታይ፣ ንጉሡ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልግም። እህሉ ከሜዳው፣ ዓሣው ከሐይቁ፣ የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ ይታያል።

ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ ድንጋይ አታንቀሳቅሱ። ኖራው የለቀቀ ቦታ አለ፤ ለእናንተም ለግንቡም አደገኛ ነው።

ደንቀዝም የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበት ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን የራሱ ቀን ይፈልጋል፤ በዚህ ጉዞ አታስገቡት።

4. ከሰዓት በኋላ፦ በደንቢያ ወደ ጎርጎራ

ወደ አዘዞ ተመለሱና ወደ ቆላ ድባ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ቆላ ድባን፣ ቀጥሎም ጯሂትን አልፋችሁ ጎርጎራ ትገባላችሁ። ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመምሸቱ በፊት ለመግባት አስሉ። ማደሪያም ሳትይዙ አትውረዱ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከጎንደር ይሞቃል፣ ወባም አለ። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ውስጥ ተኙ፣ ማታ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

5. ሁለተኛው ቀን፦ ደብረ ሲና ማርያም

ማለዳ ተነሡ። ደብረ ሲና ማርያም ሐይቁ ዳር ያለች ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ውጭ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ጸሎቱን መስማትም ራሱ ከጉዞው ይቆጠራል። ሲያበቃ ካህኑን ወይም ጠባቂውን «አባቴ፣ ለመሳለምና ሥዕሉን ለማየት ነው የመጣነው» ብላችሁ አስፈቅዱ። ጫማ ይወልቃል፣ ወንዶች ባርኔጣ ያወልቃሉ፣ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ።

እንደ ሌሎቹ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ውስጡ ሦስት ክፍል ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ወደ መቅደሱ ውስጥ ግን ከካህናት በቀር ማንም አይገባም። ግድግዳውን በቀኝ በኩል ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩት። ብልጭታ ያለው ፎቶ አታንሡ፣ ቀለሙን ይጎዳል። ሥዕሉንም በጣት አትንኩ። የመግቢያ ክፍያ ካለ በደረሰኝ ክፈሉ፤ ከዚያ በላይ የምትሰጡትን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሩት።

6. ሐይቁ ላይ

ጀልባ በማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያንገላታል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፤ የደንገል ታንኳው ቢያምርም ዋና ለማይችል ሰው ከዳር መመልከቱ ይበቃል። ባለ ጀልባውን ስለ እንቦጭ ጠይቁት። አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የደንቢያ ዳርቻ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አንዳንዴ ሞተሩን እስከማቆም ይደርሳል። ዓሣ አጥማጆቹ ስለዚህ ሲናገሩ አዳምጧቸው፣ ኑሯቸው ነውና።

ውኃው ቢያጓጓም እግራችሁን አትንከሩ። ዳር ዳሩ ላይ ብልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ምሳችሁን ግን ከሐይቁ ብሉ፤ ቀረሶ ጥብስ ከተገኘ ሌላ አትዘዙ።

7. የእግር ጉዞ፦ ወደ አሮጌው ጎርጎራ

አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) የሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ማርያም ግንብ፣ ያለው በአሮጌው ጎርጎራ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው በዚሁ በጎርጎራ ነው። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ፋሲልም የአባቶቹን ሃይማኖት መለሱ። አብዛኛው ግንብ ስለወደቀ ትልቅ ሕንፃ ጠብቃችሁ አትሂዱ፤ የተጠረበውን ድንጋይና የተቀረጸውን ጌጥ ፈልጉ።

ጠዋት በጀልባ ሂዱ፣ እግራችሁ ከቻለ ደግሞ በእግር ተመለሱ። ለዚህ ከቀኑ አብዛኛውን መድቡ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ከእናንተ ጋር ይሁን፣ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣና የለመዳችሁትን ጫማ ያዙ። ማሳ ስትደርሱ በድንበሩ እለፉ፣ ሰብል አትርገጡ። ሰው ሥራ ላይ ካገኛችሁ «ያበርታችሁ» በሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ የሚያሳያችሁ አታጡም። ሰውን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፣ ባለቤቱን ጥሩ።

8. ሦስተኛው ቀን፦ ጎንደር

አሁን ፋሲል ግንብ ግቡ። የጉዛራን ፎቶ አውጡና የአፄ ፋሲልን ግንብ አራቱን ማዕዘኖች ተመልከቱ። ከዚያ የአፄ ዮሐንስን፣ የአፄ ኢያሱን፣ የአፄ በካፋንና የእቴጌ ምንትዋብን ተራ በተራ እዩ፤ እያንዳንዱ ግንብ ከቀደመው ምን ወስዶ ምን እንደጨመረ ፈልጉ። ዩኔስኮ ቅጥሩን እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቲኬቱ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለውን ጥምቀተ ባሕር ያካትት እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቁ፣ ቲኬቱንም አትጣሉት። እዚያ የቅጥሩን ድንጋይ ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ሳታዩ አትመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እዩ፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ለማየት አንገታችሁ እስኪደክም ቀና በሉ። ጊዜ ከተረፋችሁ በባጃጅ ወደ ቁስቋም ውጡ። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከከተማው በላይ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብትደርሱ ጥሩ ነው፤ በእግር ወደ ከተማ ለመውረድ ብርሃን ያስፈልጋችኋል።