ከአንገት ወደ ታች፦ ለሁለት ዓመት ልጅ የኪሮሽ ቀሚስ እንዴት እንደሚሠራ

የሶፋና የጠረጴዛ ዳንቴል ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ለሕፃን ቀሚስ የሚያስፈልገው ሙያ በእጃችሁ አለ። አዲስ የሚሆንባችሁ ልኩ ነው። ጠረጴዛ ባለበት ይቆያል፤ ልጅ ግን በየወሩ ታድጋለች። ስለዚህ ቀሚሱን ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች መሥራትን እመርጣለሁ። በየመሀሉ አልብሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሲያጥርም ከታች ይቀጠላል።

ከ200 እስከ 250 ግራም መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ክር፣ 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ፣ ትልቅ ዐይን ያለው መርፌና ሜትር አዘጋጁ። የሕፃን ቆዳ ስለሚቆጣ ጥጥ ይሻላል። ክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ግዙ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። በሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሮዝ ክሮች ፀሐይ ላይ ሲወጡ ይለያያሉ።

ከዚህ በታች «ቋሚ» የምለው ይህን ነው፦ ክሩን በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ፤ ኪሮሹን ወደ ዐይኑ አስገብታችሁ ክሩን ስባችሁ አውጡ። በኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ይኖራል። ክሩን ይዛችሁ በሁለቱ ውስጥ አሳልፉ፤ ደግማችሁ ይዛችሁ በቀሩት ሁለት ውስጥ አሳልፉ።

አሁን ናሙና ሥሩ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። የመጀመሪያውን ቀሚስ ለእህቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ስሠራ እኔ ዘልዬው ነበር። በበዓሉ ጠዋት ጓደኞቿ «አበባየሆሽ» እያሉ በር ላይ ቆመው አንገትጌው ከግንባሯ አላልፍ አለ፤ ልጅቱም አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ናሙና ጀምሬ አላውቅም። 20 ቋሚ በ10 ረድፍ ሥሩ፣ እጠቡት፣ ሲደርቅ መሀሉን ለኩት። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 16 ቋሚ መቁጠር አለባችሁ። 18 ከሆነ እጃችሁ ክሩን ያጠብቃልና ወፈር ያለ ኪሮሽ ያዙ፤ 14 ከሆነ ቀጠን ያለ።

ቀጥሎ 66 ሰንሰለት ሥሩ፤ ላላ አድርጉት፣ አንገቷን የሚነካው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቋሚ ከኪሮሹ አራተኛው ሰንሰለት ላይ አቁማችሁ እስከ መጨረሻው ቀጥሉ። የተዘለሉት ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ቋሚ ስለሚቆጠሩ 64 ይሆናል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ረድፍ ስትጀምሩ ሥራውን አዙራችሁ ሦስት ሰንሰለት ሥሩ፤ እነሱም አንድ ቋሚ ናቸው።

በሁለተኛው ረድፍ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። በ11ኛው፣ በ22ኛው፣ በ43ኛውና በ54ኛው ዐይን ላይ ባለቀለም ክር እሰሩ። በእነዚህ ዐይኖች ውስጥ አንድ ቋሚ፣ አንድ ሰንሰለት፣ እንደገና አንድ ቋሚ ሥሩ፤ በሌሎቹ ሁሉ አንድ አንድ ብቻ። በሚቀጥሉት ረድፎች ይህንኑ በሰንሰለቷ ክፍተት ውስጥ ድገሙ። ማዕዘን የሚወጣባቸው ረድፎች ዘጠኝ ሲሞሉ ከኋላ በየጎኑ 19፣ በየእጅጌው 28፣ ከፊት 38 ቋሚ ይኖራል። ቁጥሩ ካልመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ማዕዘን ላይ የተረሳ ቋሚ ነው፤ እዚያ ድረስ ብቻ ተርትሩ።

እጅጌውን ለመለየት የኋላውን 19 ሥሩ፤ 8 ሰንሰለት ሠርታችሁ 28ቱን የእጅጌ ቋሚዎች ዝለሉ፤ የፊቱን 38 ሥሩ፤ እንደገና 8 ሰንሰለት፣ 28 ዝለሉ፣ ቀሪውን 19 ጨርሱና ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። ከዚህ ወዲያ በዙር ነው የምትሠሩት። ሰንሰለቶቹ ብብት ይሆናሉ፤ ዙሩ በጠቅላላው 92 ነው። ይህ 57 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሆን ደረቷ 53 ለሆነ ልጅ መተንፈሻ ይተዋል። እዚህ ላይ አልብሷት። እጇን ወደ ላይ ስታነሣ ብብቱ ከያዛት የመለያውን ረድፍ ተርትሩና አንድ ረድፍ ጨምሩ።

ሦስት ዙር ያለ ጭማሪ ከሠራችሁ በኋላ ሽንሽኑ ይጀምራል። በአንዱ ዐይን አንድ፣ በሚቀጥለው ሁለት ቋሚ እያደረጋችሁ ዙሩን ጨርሱ፤ 138 ይሆናል። ከዚያ ከጉልበቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ሳትጨምሩ ዙሩ።

ለጠርዙ ሁለት ዐይን ዝለሉ፣ በሦስተኛው አምስት ቋሚ በአንድ ላይ አቁሙ፣ ሁለት ዝለሉ፣ በሚቀጥለው ኪሮሹን አስገብታችሁ ክሩን በሁሉም ቀለበት በአንዴ አሳልፉ። እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚያምር ማራገቢያ ይወጣል። 138 ለስድስት ሲካፈል ያለ ቀሪ 23 ማራገቢያ ነው። የእጅጌው ዙሪያም የብብቱን ስምንት ጨምሮ 36 ስለሆነ በዚሁ ጠርዝ ስድስት ማራገቢያ ይይዛል።

የክሩን ጫፎች በመርፌ ከውስጥ በኩል ወዲያና ወዲህ አድርጋችሁ ደብቁ። ቁልፎቹን ከኋላ በጠንካራ ክር ደጋግማችሁ ስፉ፤ ሕፃን የላላ ቁልፍ ነቅላ ወደ አፏ ትወስዳለች። አንገት ላይ የሚታሰር ረጅም ገመድም አታድርጉ።

ቀሚሱን በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡና ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁት። እርጥብ ጥጥ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በክብደቱ ይረዝማል። የተረፈውን ክር አብራችሁ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት ጠርዙን ብቻ ተርትራችሁ አራት ወይም አምስት ዙር ከጨመራችሁ በኋላ ማራገቢያውን መልሳችሁ ትሠሩበታላችሁ።