ሲጋራ መከልከሉ ገበያዎን ጎድቶት እንደሆነ ከራስዎ መዝገብ የሚያውቁበት መንገድ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መጠጥ ቤትና ምግብ ቤትን ጨምሮ በጣራ ሥር ባሉ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከከለከለ ወዲህ ከባለቤቶች አፍ የማይጠፋ አንድ አቤቱታ አለ፤ እርሱም «ሲጋራው ሲከለከል ገበያው አብሮ ሞተ» የሚል ነው። ክልከላውን የሚደግፉ ሰዎች በበኩላቸው «ማንም አልተጎዳም» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ስለ እርስዎ ቤት የሚያውቁት ነገር የለም። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው በካሽ ሬጅስተሩ የዕለት ማጠቃለያ ማለትም በተለምዶ ዜድ ሪፖርት በሚባለው ወረቀት፣ ከቢራ አከፋፋዩ በተቀበሏቸው ደረሰኞችና ለዚሁ ሥራ በሚከፍቱት አንድ ደብተር ላይ ነው። የዜድ ሪፖርቱ ወረቀት ሙቀት ሲነካውና ሲቆይ ጽሑፉ ስለሚጠፋ፣ ሌላ ነገር ከመጀመርዎ በፊት የየዕለቱን ድምር ወደ ደብተሩ ይገልብጡ።

መጀመሪያ የሚወሰነው መነሻ ቀኑ ነው። ብዙ ሰው አዋጁ የወጣበትን ዓመት መነሻ አድርጎ ይቆጥራል፤ ይህ ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱም አዋጅ ከወጣ በኋላም በብዙ ቤት ለወራት ሲጨስ ቆይቷል። በእርስዎ ቤት ክልከላው የጀመረው መተርኮሻዎቹ ከጠረጴዛ ላይ ተነስተው፣ አስተናጋጆቹ «እባክዎ ወደ ውጭ ይውጡልን» ማለት የጀመሩ ዕለት ነው። ቀኑን ካላስታወሱት ሠራተኞችዎን ይጠይቁ፤ መተርኮሻ ሲያጥብ የኖረ ሰው ማጠብ ያቆመበትን ጊዜ አይረሳውም።

ቀጥሎ ብርን ትተው ጠርሙስ ይቁጠሩ። የመጠጥ ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት፣ በተለይም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ በኋላ፣ በብር የተሰላ ንጽጽር ምንም አይነግርም። አንድ ቤት ከክልከላው በፊት በሳምንት 60 ሳጥን ቢራ ይሸጥ ነበር እንበል፤ አንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ ስለሚይዝ ይህ 1,440 ጠርሙስ ነው፤ በ30 ብር ሲሸጥ 43,200 ብር ይገባል። ከክልከላው በኋላ ሽያጩ ወደ 55 ሳጥን፣ ማለትም ወደ 1,320 ጠርሙስ ወርዶ ዋጋው ግን 36 ብር ቢደርስ፣ ካሽ ሬጅስተሩ 47,520 ብር ያሳያል። ባለቤቱ ገቢው እንዳደገ አስቦ ደስ ሊለው ይችላል፤ ሆኖም በሳምንት 120 ጠርሙስ ጎድሎበታል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ለቢራ፣ ለድራፍት፣ ለለስላሳና ለምግብ የተለያየ ዓምድ ይክፈቱ፤ ቢራውን በሳጥን፣ ድራፍቱን በበርሜል፣ ምግቡን በሳህን ይመዝግቡ።

ከዚህ በኋላ የትኛው ሳምንት ከየትኛው ጋር ይነጻጸር የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ በእኛ አገር ትልቁ መሳሳቻም ይህ ነው። «ሚያዝያን ከአምናው ሚያዝያ ጋር አነጻጽሬ ሩብ ያህል ወርዶብኛል» የሚል ሰው ፋሲካ ከዓመት ዓመት ቀኑን እንደሚቀይር ዘንግቷል። ፋሲካ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን ስለዋለ ሚያዝያ በሙሉ የፍስክ ወር ነበር። አዋጁ በወጣበት በ2011 ዓ.ም. ግን በዓሉ ሚያዝያ 20 ቀን በመዋሉ የወሩ አብዛኛው ክፍል በዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። ሥጋ ቤት ያለበት መጠጥ ቤት በጾም ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው፣ እነዚህን ሁለት ሚያዝያዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ጉድለቱን በሲጋራ ማሳበብ ተገቢ አይደለም። የጾሙን 55 ቀናት ከጾሙ 55 ቀናት፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን አምስት ሳምንታት ከአምናዎቹ አምስት ሳምንታት ጋር ያነጻጽሩ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ሙስሊም ደንበኞች የሚበዙበት ምግብ ቤት ለእርሱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ከሲጋራው ጋር በአንድ ጊዜ የመጡ ሌሎች ነገሮችንም መለየት ግድ ይላል። የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣው ይኸው አዋጅ 1112 ነው፤ በአንድ ሕግ የመጡ የሁለት ክልከላዎችን ውጤት ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደግሞ ኮሮና መጥቶ መጠጥ ቤቶች ተዘጉ። ስለዚህ ከዚያ ወር አንሥቶ ያለውን አንድ ዓመት ያህል ከንጽጽሩ ያውጡት። የቀረውን ለማጣራት ጥሩ ምስክር የሚሆኑት የቢራ አከፋፋዮች ናቸው። በአካባቢዎ ስንት ሳጥን እንደሚያራግፉ ያውቃሉና፣ ጉድለቱ በእርስዎ ቤት ብቻ ነው ወይስ በሰፈሩ ሁሉ ብለው ቢጠይቋቸው አይደብቁዎትም። በረንዳ የሌለው ቤት ወርዶ በረንዳ ያለው ጎረቤት ከፍ ካለ፣ ደንበኛው መጠጣቱን አልተወም፤ ቦታ ቀይሯል።

የሌሎች አገሮች ልምድም የሚጠቅመው ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በማርች 2004 በመላ አገሪቱ በመጠጥ ቤቶች ማጨስን ስትከለክል በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በዚያው ዓመት የመጠጥ ቤቶች ሽያጭ መውረዱ የክልከላው ውጤት ተደርጎ ተወራ። ነገር ግን ሽያጩ በ2002 እና በ2003ም ሲወርድ ነበር፤ ቁልቁለቱ የጀመረው መተርኮሻው ከመነሣቱ በፊት ነው። በተቃራኒው የኒው ዮርክ ከተማ በማርች 2003 ከከለከለች በኋላ ባወጣችው የአንድ ዓመት ሪፖርት ከመጠጥ ቤቶችና ከምግብ ቤቶች የሰበሰበችው ግብር በ8.7 በመቶ መጨመሩን አስታውቃለች። ይህም ቢሆን ሳይመረመር የሚወሰድ አይደለም። ቁጥሩ ምግብ ቤትንና መጠጥ ቤትን በአንድነት የያዘ ነው፤ ምግብ ቤቶቹ በቁጥር ስለሚበዙ የጥቂት ቡና ቤቶች ኪሳራ በመካከሉ ሊሰወር ይችላል። ከተማዋም ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት ጉዳት ገና እያገገመች ነበር። በደብተርዎ ላይ መጠጡና ምግቡ በተለያየ ዓምድ ይቀመጥ ያልኩበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ጥናት የሚያነብ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ማን እንደከፈለበት ይይ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ግምገማ 97 ጥናቶችን መርምሮ፣ ክልከላው ገበያ ይጎዳል የሚል መደምደሚያ ላይ የደረሱት ጥናቶች በአብዛኛው ከትምባሆ ኩባንያዎች ድጋፍ ያገኙና ከሽያጭ መዝገብ ይልቅ በባለቤቶች ግምት ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ማስረጃውን ሁሉ አይቶ ክልከላው የምግብና የመጠጥ ቤቶችን ንግድ በአጠቃላይ እንደማይቀንስ ደምድሟል። እኔ በዚህ ድምዳሜ እስማማለሁ፤ ሆኖም «በአጠቃላይ» የሚለውን ቃል ማጥበቅ ያስፈልጋል። ምግብ የማይሸጥ፣ ደንበኛው በአብዛኛው አጫሽ የሆነ፣ ደጅ የሌለው ጠባብ ቤት ሊጎዳ ይችላል፤ ባለቤቱ ሲያማርርም ውሸታም ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የእርስዎ ደንበኛ ምን ያህሉ አጫሽ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አገራዊውን ቁጥር አይመኑ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶው አዋቂ ብቻ ነው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። የዓርብ ማታ ደንበኛ ግን የአገሩ አማካይ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ በር ላይ ያለው ጥበቃ ለማጨስ የሚወጣውን ሰው በወረቀት ላይ በጭረት ይመዝግብ፤ ካሸሩም በዚያው ሰዓት ስንት ጠረጴዛ እንደተያዘ ይጻፍ። ጎን ለጎንም ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ሽያጭ ለብቻው ይያዙት፤ ጭሱን ፈርተው የማይገቡ የነበሩ ሰዎችና ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች መጥተው እንደሆነ በለስላሳውና በምግቡ ዓምድ ላይ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው።

ለማጨስ የሚወጣ ደንበኛ በራሱ ሌላ ሒሳብ ያመጣል። በአንዳንድ ቤት አስተናጋጇ ባዶ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሳታነሳ ትተወዋለች፤ ሒሳብ የሚቆጠረው በዚያ ነውና። አራት ሰዎች ሲጋራ ለማጨስ አብረው ሲወጡ ግን ሄዱ ተብሎ ጠረጴዛው ይጠረግና ቁጥሩ ይጠፋል፤ አልያም እውነት ይሄዱና ሒሳቡ በአስተናጋጇ ደመወዝ ላይ ይወድቃል። ይህ ጉድለት በክልከላው ላይ የሚጻፍ ቢሆንም የሚድነው ትእዛዙን በየዙሩ በማሽን በመመዝገብና ለሚወጣ ሰው ወንበሩን ይዞ በመጠበቅ ነው። አዋጁ ከበርና ከሚከፈት መስኮት እስከ 10 ሜትር ባለው ርቀት ማጨስን ስለሚከለክል፣ ሰው በር ሥር ተኮልኩሎ እንዲያጨስ መተውም መፍትሔ አይሆንም።

በወጪው በኩል ያለው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም ይመዝገብ፦ የመጋረጃ እጥበት፣ በፍም የተበሳ የሶፋ ጨርቅ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የግድግዳ ቀለም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር የአየር ማናፈሻ መብራት። የሠራተኛ ሕመምም እዚህ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ በቡና ቤቶች ማጨስን ስትከለክል በሳን ፍራንሲስኮ 53 የመጠጥ ቀጂዎች ከክልከላው በፊትና በኋላ ተመርምረው፣ ሳልና የትንፋሽ ችግር ከነበረባቸው መካከል ከግማሽ በላዩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። ባለፈው ዓመት ሠራተኞችዎ በሳል ምክንያት የቀሩበትን ቀን ከፈቃድ ወረቀታቸው ደምረው ከዘንድሮው ጋር ያስተያዩት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጠርሙሱ በእርግጥ ጎድሎ ከተገኘ፣ ከበርና ከሚከፈት መስኮት ከ10 ሜትር ያለፈና በምሽት ብርሃን የሚደርሰው ጥግ ፈልገው ደንበኞችን ወደዚያ ይምሩ፤ ከዚያም ጥበቃው ጭረቱን፣ ካሸሩ ጠረጴዛውን ለአራት ሳምንት እንደገና ይቁጠሩ። ለማጨስ ከወጡት መካከል ተመልሰው ገብተው ሁለተኛ ቢራ የሚያዙት በዝተው እንደሆነ ከቢራው ዓምድ ላይ ያዩታል።