ኮከቡን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩ፦ የሚርገበገብ ኮከብ ስትለኩ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

የሚርገበገብ ኮከብ እንደ ሳንባ ይነፋል፣ መልሶ ይሟሽሻል። ብርሃኑም አብሮ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከምድር ሆነን ስንለካው ግን አየሩ፣ ካሜራውና ሰዓታችንም ብርሃኑን በየሰዓቱ የምናሰፍርበት ግራፍ ውስጥ ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው።

ለልምምድ ሲ-ዋይ አኳሪን ውሰዱ። ደለዊ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለ የሚርገበገብ ኮከብ ነው። በዓይን አይታይም፤ ካሜራ የተገጠመለት ትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ይበቃዋል። አንዱን ዑደት በ88 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ አዲስ አበባ ላይ ከአናት ብዙም ሳይርቅ ያልፋል።

ሌሊቱን ሙሉ ብርሃኑ ቁልቁል ሄደ። ኮከቡ ወደ አድማስ ሲጠጋ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ይወፍራል። 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ አየሩ ከአናት ካለው እጥፍ ነው። መፍትሄው እዚያው ፎቶ ውስጥ ያለ፣ ቀለሙ የሚቀራረብ ኮከብ መርጦ ከእሱ ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ኮከብም ያዙ። ማነጻጸሪያው ራሱ ተለዋዋጭ ሆኖ ከተገኘ ሌባው ዘበኛው ነው ማለት ነው። ከ30 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ አቁሙና ተኙ።

ግራፉ መሃል ላይ እንደ ደረጃ ዘለለ። አንዳንድ ቴሌስኮፕ ኮከቡ የሰማዩን መሃል ሲሻገር ይገለበጣል። ያኔ ኮከቡ ካሜራው ላይ ሌላ ጥግ ያርፋል፤ እዚያ ያለው አቧራና ጥላም ሌላ ነው። አመሻሹ ላይ የሰማዩን ወጥ ብርሃን አንሱና ፎቶዎቹን በእሱ አርሙ። ከዚያ በኋላ ካሜራውን እንዳትነኩት።

የግራፉ ጫፍ ተቆረጠ። ፒክስሉ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ነጥብ፣ ሞልቷል። ባለ 16 ቢት ካሜራ ከ65,535 በላይ አይቆጥርም። ግማሹ አካባቢ እንዲቆይ የፎቶውን ጊዜ አሳጥሩ።

ሁለት ሦስት ዑደት እኩል ትክክል መስለው መጡ። ይሄ ነው ራስ ምታቱ። አር-አር ላይሬ የተባለውን ሌላ የሚርገበገብ ኮከብ እዩት። ዑደቱ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.76 ጊዜ ይርገበገባል። እኛ የምናየው ሌሊቱን ብቻ ነው። ቀን ላይ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ ዑደቱን የሚያሰላው ሶፍትዌር በምን ያውቃል? 0.76 ይሁን 2.76 አይለይም፤ ስለዚህ 31.4 ሰዓትና 8.7 ሰዓት የሚሉ ሐሰተኛ መልሶችንም ይደረድራል። እዚያው ቦታ ላይ ሌሊት መጨመር ብዙም አያድንም፤ የቀኑ ክፍተት ሁሌም እዚያው ነው። የሚያድነው በኬንትሮስ ርቆ ያለ ወዳጅ ነው። እኛ ጋ ሲነጋ ቺሊ ላይ ገና እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። በ1986 የተጀመረው ሆል ኧርዝ ቴሌስኮፕ የተባለው ትብብር ይህንኑ ነው የሠራው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቴሌስኮፖች አንዱን ኮከብ እየተቀባበሉ ያድራሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ከምሽት እስከ ንጋት ሳታቋርጡ ለኩ፣ ወይም ዑደቱ አጭር የሆነ ኮከብ ምረጡ። አር-አር ላይሬ ለእኛ ሌላም ጣጣ አለው። ሌሊቱን ከፍ ብሎ የሚታየው ክረምት ላይ ነው፤ እንጦጦ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ደመና አይበሱም።

የሌሊቶቹ ግራፎች አልገጥም አሉ። ሰዓቱን እዩ። ማስታወሻችሁ ላይ "ማታ 3 ሰዓት" ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው የዓለም አቀፉን ሰዓት፣ 18፡00ን ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠርን ስድስት ሰዓት አስተካክሎ፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት የምንቀድምበትን ሦስቱን የሚረሳ ብዙ ነው። ሰዓቱ ልክ ሆኖም በወራት ውስጥ ከተንሸራተተ፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ወደ ኮከቡ እየቀረበችና እየራቀች ስለሆነ ነው። ብርሃኑ እስከ 8 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ለ88 ደቂቃ ኮከብ ይሄ ብዙ ነው። ጊዜውን ከፀሐይ አንጻር እንዲያሰላ ሶፍትዌሩን እዘዙት፤ አንድ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።