«ዌስት ኤንድ ብሉስ»ን እንዴት እናዳምጠው?

ይህ የጃዝ ዘፈን የኪንግ ኦሊቨር ድርሰት ነው። ጥሩምባ ነፊው ሉዊ አርምስትሮንግ ከባንዱ ከ«ሆት ፋይቭ» («ትኩሶቹ አምስት») ጋር ቺካጎ ላይ የቀዳው ጁን 28 ቀን 1928 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙ «አምስት» ይበል እንጂ በዚህ ቅጂ የሚጫወቱት ስድስት ናቸው። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው፤ የዘመኑ ሸክላ በአንድ ገጹ ከዚያ ብዙም አይዝም።

1. የጆሮ ማዳመጫ ይሰኩ። የስልክ ስፒከር ዋጋ የለውም። የአሮጌውን ሸክላ ሹሹታ ላጥፋ ብለውም ኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያውን) አይነካኩ። እኔ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ቁልቁል አውርጄ ወራት ሙሉ ሳዳምጥ፣ ከበሮ መቺው ዙቲ ሲንግልተን በእጅ ሲምባል (በሚጋጭ የብረት ሳህን) የሚያሰማውን «ቋ ቋ» ጨርሶ አልሰማሁትም። ሰው ቤት ሲከፈት ሌላ ቅጂ መስሎኝ ተከራክሬያለሁ።

2. መግቢያው ላይ ይቆዩ። ወደ 12 ሰከንድ የሚሆን ጥሩምባ ብቻውን፣ ያለ አጃቢ። እግር እየመቱ ልከተል ካሉ ይጠፋብዎታል፤ እኔም ስንት ቀን ጠፍቶብኛል። በእኩል እርምጃ ይጀምርና ወዲያው ፍጥነቱን ይለውጣል።

የሚሻለው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አራቱን የመክፈቻ ድምፆች ብቻ እያንጎራጎሩ ይያዙ። መልሰው ይክፈቱና ጫፍ የሚወጣባትን ድምፅ ይጠብቁ። በሦስተኛው፣ ከጫፉ እየተንከባለለ ሲወርድ ቁልቁለቱን ብቻ ይከተሉ፤ መጨረሻው ላይ ባንዱ ተቀብሎ ያሳርፈዋል። የሙዚቃውን ኖታ በወረቀት ፈልጎ ማንበብ ለሚነፋ ሰው እንጂ ለአድማጭ አይጠቅምም።

3. ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ባር (አራት አራት ምት ያለው ክፍል) ያለው ዙር አምስት ጊዜ ይመጣል፦ ጥሩምባ፣ ትሮምቦን፣ ክላርኔትና ድምፅ፣ ፒያኖ፣ እንደገና ጥሩምባ። ትሮምቦኑ ደህና ነው፣ እለፉት፤ ጆሮዎን ከሥሩ ላለው ሲምባል ይስጡ።

4. ሦስተኛው ዙር ላይ ክላርኔቱ ዝቅ ብሎ ያወጣል፣ አርምስትሮንግ ይቀበላል። ግጥም የለውም፣ «ዋ ዋ» ነው። በስተርጅናው የምናውቀውን ሻካራ ድምፁን አይጠብቁ፤ እዚህ ልጅ የሚያባብል ይመስላል።

5. ከኧርል ሃይንስ ፒያኖ በኋላ ጥሩምባው አንዲት ከፍተኛ ድምፅ ይዞ ወደ አሥር ሰከንድ አይለቅም። እስትንፋስዎን አብረው ይያዙ፤ ከዚያ የሚፈነዳው የድምፅ ጎርፍ የሚገባው ያኔ ነው።

ፒያኖው ቀስ ብሎ ሲወርድና ባንዱ ሲዘጋ ቶሎ አያጥፉት። መጨረሻ ላይ ሲምባሉ አንዴ «ቋ» ይላል።