በለስ ሲበዛ ሆድ ይዘጋል፤ መላው ወንፊት ነው

ክረምት ላይ በየመንገዱ ዳር እየተላጠ የሚሸጠው በለስ፣ በተለይ ቀዝቀዝ ካለ፣ ሳይታወቅ አሥር ያስበላል። ሥጋው አይጎዳም፤ ጣጣው ዘሩ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ሆድ አይፈጨውም፤ ሲበዛ የአንጀት መጨረሻ ላይ ተከማችቶ እንደ ጠጠር ይደርቅና መውጫውን ይዘጋል። ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ከሁለት ሦስት ፍሬ በላይ ካማራችሁ፣ የተላጠውን በሹካ ጨፍልቁና ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹት። ጭማቂው ከነሥጋው ይወርዳል፤ ዘሩ እላይ ይቀራል። ስኳር አያስፈልገውም። በጁስ መፍጫ ግን አትሞክሩት፤ ዘሩን ሰባብሮ ከጭማቂው ጋር ይቀላቅለዋል። እኔ አንዴ ሞክሬ አሸዋ የመሰለ ነገር ጠጥቻለሁ።

እንዳለ መብላት የሚመርጥ ሰው በባዶ ሆድ አይብላው፤ ውኃም በደንብ ይጠጣበት። የሆድ ድርቀት ወይም ኪንታሮት ያለበት ግን የተጠለለውን ብቻ ቢጠጣ ይሻለዋል።

ሆድ አንዴ ከተዘጋ ወንፊት አይረዳም። ሆድ ከተነፋ፣ ሰገራ እምቢ ካለና ማስመለስ ከመጣ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በራስ ፈቃድ ሳይወስዱ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።