ደሴና ኮምቦልቻ ሳይክል ለምትገዙ፦ ሲገዛም ሲነዳም የሚሰሩ ስህተቶች

ሰሞኑን ሳይክል ልገዛ ነው የሚል ሰው በዝቷል፣ ግማሹን ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎት ነው ግማሹን ደግሞ የባጃጅ ሂሳብ አስመርሮት። ጥሩ ነው አቦ ግዙ፣ ግን የኛ አገር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ሌላ ቦታ የሚሰራ ምክር እዚህ አንዳንዴ አይሰራም።

የመጀመሪያው ስህተት መልኩን አይቶ መግዛት ነው። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ ጎማው ወፍራም፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ማውንቴን (የተራራ ሳይክል) ያዩና ልባቸው እዛው ይቀራል። ወላሂ ርካሽ ሳይክል ላይ የተገጠመ የኋላ ሞላ ክብደት ከመጨመር ውጪ ብዙም አይፈይድም፣ ዳገት ላይ በረገጣችሁ ቁጥር ወደታች እየሰመጠ ጉልበታችሁን ይበላዋል። የፊት ሞላ ለኮብልስቶን ይጠቅማል እሺ፣ የኋላው ግን ይቅርባችሁ።

ሁለተኛ "ባለ ስንት ማርሽ ነው" ብሎ ብቻ መጠየቅ። ባለ 21 መባሉ ዳገት ያወጣል ማለት አይደለም። ቁጭ በሉና ጥርሱን ቁጠሩ፣ ፔዳሉ ጋ ያለው ትንሹ ማርሽ ከኋላ ጎማው ላይ ካለው ትልቁ ማርሽ በጥርስ ካነሰ ወይ እኩል ከሆነ ደሴ ውስጥ ያስኬዳችኋል፣ ከበለጠ ግን ወደ ጦሳ በኩል ስትወጡ ሳይክሉን የምትገፉት እናንተ ናችሁ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ለሚነዳ ወይ ለቆቦ ሰው ባለ አንድ ማርሹም ይበቃዋል፣ እንደውም የሚበላሽ ነገር ስለሌለው ይሻለዋል።

ቁመት ላይ ደግሞ "ልጁ ያድግበታል" እየተባለ ትልቅ ይገዛል፣ አዋቂውም ለራሱ የተገኘውን ይወስዳል። ሳይክሉን በሁለት እግር መሃል አድርጋችሁ መሬት ላይ ቁሙ፣ ከላይኛው ብረት እስከ ሰውነታችሁ ለማውንቴን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ቀሚስ ለብሳችሁ የምትነዱ እህቶች የላይኛው ብረቱ ዝቅ ያለውንና ካቴናው ሽፋን ያለውን ፈልጉ፣ ነጠላና ቀሚስ ካቴና ውስጥ ሲገባ ጨርቁ ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ያገለገለ ስትገዙ ቀለም ይሸውዳል፣ አዲስ የተቀባ ከሆነማ የበለጠ ጠርጥሩ። ብረቱ የተበየደበትን ቦታ በጣት ዳስሱት፣ ስንጥቅ ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩና ከፍሬኑ ጎማ ጋር ያለውን ክፍተት እዩ፣ ግራ ቀኝ እየዋለለ ከሆነ ቸርኬው ጠሟል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፣ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፣ ዋጋ አስቀንሱበት።

የፍሬን ነገር ለብቻው ይነገር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ በመሃል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው፣ አብዛኛው ጠመዝማዛ ቁልቁለት። እዛ መንገድ ላይ አንዱን ፍሬን እስከታች ጨምድዶ ይዞ መውረድ ትልቅ ስህተት ነው፣ ቸርኬው ይግላል የፍሬኑ ጎማ ይበላል ከዛ ፍሬኑ አልይዝም ይላል። እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ውረዱ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ ፍጥነት ቀንሱ፣ ቂጣችሁን ወደኋላ ሳብ አድርጉ። ብዙዎች የፊቱን ፍሬን ፈርተው አይነኩትም ግን አብዛኛው የማቆም ጉልበት ያለው እሱ ጋ ነው፣ ቀስ አድርጎ ከኋላው ጋር አብሮ መያዝ እንጂ በድንገት ብቻውን መጨበጥ ነው የሚገለብጠው። ጉም ካለ መብራት ሳትይዙ አትውረዱ፣ አይሱዙው አያያችሁም።

ወደ ካርዲዮው፣ ማለትም ልብና ሳንባን ወደሚያሰራው እንቅስቃሴ ስንመጣ በጣም የሚገርመኝ ስህተት እዚሁ መንገድ ላይ ነው ያለው። ጎረምሶቹ ከደሴ ኮምቦልቻ ይወርዱና ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭነው ይመለሳሉ፣ ከዛ "ዛሬ 25 ኪሎ ሰራሁ"። ምን ሰራህ ወንድሜ፣ የሰራው ቁልቁለቱ ነው። ፔዳል ሳይረገጥ ልብ ስራ አያገኝም። ለልብ የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ትንፋሽ እየጨመረ የቆያችሁበት ደቂቃ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ መሆኑን ለማወቅ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም፣ ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ ልክ ናችሁ።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ፣ በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን ሰንጥቄ ካልወጣሁ የሚል። ደሴ ከፍታ ላይ ያለው አየር ግፊቱ ከባህር ወለሉ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ከአፋር በኩል ወይ ከሌላ ቆላ ለመጣ ሰው ልቡ ለዛው ስራ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እስኪለምድ ድረስ ቀነስ አድርጎ መጀመር ነው። የደም ግፊት ወይ የልብ ችግር ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ደረት ከያዛችሁ ወይ ካዞራችሁ ወዲያው ውረዱ።

ከባድ ማርሽ መግፋትን ጉብዝና የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው። እግር ቶሎ ይዝላል ጉልበት ያማል፣ ልብና ሳንባ ግን ገና አልሞቁም። ቀለል አድርጉትና በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ፔዳል አዙሩ፣ ዳገት ላይ 60 ቢሆንም ችግር የለውም፣ ማርሹንም ዳገቱ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ከመድረሳችሁ በፊት ቀይሩ።

ጉልበቴን ከፊት በኩል አመመኝ የሚለው ሰው መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው ብዬ ብወራረድ ብዙ ጊዜ እበላለሁ። ተረከዛችሁን ታች ያለው ፔዳል ላይ አድርጉ፣ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፣ ከዛ ስትነዱ በእግር ፊተኛው ክፍል ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ብሎ ይቀራል፣ ያ ነው ልኩ። መቆሚያ ላይ ሁለት እግር መሬት ይንካልኝ ብሎ ዝቅ ማድረግ ለጀማሪ ሁለት ሶስት ቀን ይፈቀድለት፣ ከዛ በላይ አይሆንም።

ጾምና ረመዳን ላይ ማቆም የለባችሁም፣ ሰዓቱን መምረጥ ነው። በረመዳን ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ከመንዳት መግሪብ ሲቃረብ ቀለል አድርጎ 20 ደቂቃ ነድቶ ወደ ማፍጠሪያ መግባት፣ ጠንከር ያለውን ደግሞ ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ። ሶስት ስኒ ቡና ጠጥቻለሁ ውሃ አያስፈልገኝም የሚባለውም አይሰራም፣ ቡናውም ይጠጣ ውሃውም ይያዝ።

በመጨረሻ ካቴና ላይ ከጋራዥ ያመጡትን የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱ አሉ። ያ ዘይት የብረት ብናኝ አለበት፣ የኮምቦልቻ አቧራ ሲጨመርበት ጥርሱን ይሞርደዋል። በናፍጣና በአሮጌ ብሩሽ እጠቡት፣ በደንብ ሲደርቅ ቀጭን ዘይት እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ፔዳሉን እያዞራችሁ አስገቡትና ላዩን በጨርቅ ጥረጉት። በክረምት ዝናብ ከመታው በነጋታው ይደገም።