የደብረ ማርቆስን መንገድ ከመስኮት ሆኖ ለመሳል

እንግሊዝ አገር የተወለደው ሰዓሊ ፍራንሲስ ጋይ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የኒው ዮርኳን ብሩክሊን ክረምት የሳለው ከቤቱ መስኮት እያየ ነው። በረዶ ላይ ዶሮ የምትመግብ ሴት አለች፣ አዳልጦት የወደቀ ሰው አለ፣ ብዙዎቹም እውነተኛ ጎረቤቶቹ ናቸው። ስዕሉን የምወደው ለዚህ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞክሩት። መንገድ የሚያሳይ የፎቅ መስኮት ፈልጉ። ጋይ ያደርግ እንደነበረው ስስ ጥቁር ሻሽ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩና መስኮቱ ላይ አቁሙት። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቁ፣ በሻሹ ውስጥ የሚታየውን ቤትና መንገድ በነጭ ጠመኔ ተከተሉት፤ ጭንቅላታችሁ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጣሪያው ሁሉ ይጣመማል። ከዚያ ሻሹን የተሳለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ሸራው ላይ አንጥፉና በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ጠመኔው ያልፋል። ሸራው ግን ቀድሞ ቡናማ ተቀብቶ የደረቀ ይሁን፣ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም።

ሰው አይቆምላችሁም። ስለዚህ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ ዱላ ትከሻው ላይ ያጋደመውን ገበሬ፣ ጤፍ የተጫነችውን አህያ፣ ባጃጁን፣ ሁሉንም በትንሽ ደብተር ለየብቻ ንደፉና በኋላ አስገቡ። ፊቱ የሚለይ ጎረቤት ካለ አስቀድማችሁ አስፈቅዱት።